ሰባ አንድ ኪሎ

እኔ ቁጭ ማለት የማውቅ ሴት አይደለሁም። ባሌ «ስትወለጂ እሾህ ላይ ነው ያስቀመጡሽ» ይለኛል። አሥራ ሰባት ዓመት ቆሜ ሠርቼ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ እግሬ ወንበር መልመድ አቃተው። ያን ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ድስት ጥጄ በር ድረስ እሄዳለሁ፤ ከበር ወደ ጓሮ፤ ከጓሮ ተመልሼ የመኝታ ቤቱን መሳቢያ ስቤ አንዲት ወረቀት መኖሯን አያለሁ። አለች። መሳቢያውን እዘጋለሁ። ድስቱ ያርራል።

ወረቀቷን የጻፈው የሰፈራችን ክሊኒክ ሐኪም ነው። ባሌ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ በቶሎ ይመርመር ትላለች፤ «በቶሎ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከተጻፈች ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኗት ነበር። ባሌ ግን አልሄድም ብሏል። ሐኪም ፈርቶ እንዳይመስላችሁ፤ አውቶቡስ ጠልቶ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ! ነገሩ የሚገባው የድርጅቱን ታሪክ ለሚያውቅ ብቻ ነው፤ የካፒቴኑ ልጅ የመጣችውም ይህንኑ ታሪክ ፍለጋ ነበር።

ካፒቴኑ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያው አብራሪ ነው፤ ካረፈ ሦስት ዓመቱ። ልጁ ድሮ ሚዛኔ ላይ እየዘለለች መርፌውን የምታሳብድብኝ ነበረች። አሁን መነጽር አድርጋ፣ ድምፅ መቅጃ ይዛ፣ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች።

«እትዬ ሚዛን፣ የአባዬን አየር መንገድ ታሪክ ልጽፍ ነው። ሁሉንም ይንገሩኝ» አለች።

«ቆሜ ነው የምነግርሽ» አልኳት።

«ግድ የለም» ብላ እሷ ቁጭ አለች።

ነገርኳት። ሁለት አውሮፕላን ነበረን፤ ሁለቱም ባለ ዘጠኝ ወንበር። ታላቅየውና ታናሽየው እንላቸዋለን። ታናሽየው ያስላል፤ ታላቅየው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል፣ ካልለመኑት አይነሳም። አራት ከተሞች እናመላልስ ነበር። ያኔ ከዚህ ትልቁ ከተማ ለመድረስ በመኪና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ዝናብ ከገባ ደግሞ ወንዙ ምሕረት እስኪያደርግ መጠበቅ ነው። በእኛ አርባ ደቂቃ። ምጥ የያዛት ወስደናል፣ ክትባት ወስደናል፣ የፈተና ወረቀት ከነጠባቂው ወስደናል፣ አንዴ ንብ ከነቀፎው ወስደን ካፒቴኑ መንገዱን ሙሉ ሲጸልይ በሬዲዮ ሰምተነዋል። ዳኛና ተከሳሽ ጎን ለጎን አስቀምጠናል፤ ክብደታቸው እኩል ስለነበረ።

ትንሽ አውሮፕላን ቀልድ አያውቅም። ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመዘናል፤ የእኔ ሥራ ያ ነበር፣ «ሚዛን» የሚለው ስምም ከዚያ ተለጥፎብኝ ቀረ። መንገደኛው ከነጫማው፣ ከነኮቱ፣ ከነእጅ ቦርሳው ይወጣል። የሚዛኑ ፊት ወደ እኔ ዞሮ ነው የሚቆመው። ቁጥሩን በትንሽ ካርድ ጽፌ፣ አጥፌ፣ ለካፒቴኑ እሰጣለሁ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ሕጋችን አንድ ነበር፤ የመንገደኛ ክብደት ጮክ ተብሎ አይነገርም። የሚስት ለባሏ አይነገርም፣ የአለቃ ለሠራተኛው አይነገርም።

ማታለል የማይሞክር አልነበረም ታዲያ። ሁሉም ቀለል ብሎ መታየት ይፈልጋል። ትንፋሹን የሚይዝ አለ፤ አየር ኪሎ የሚጨምርበት ይመስል። ጠረጴዛዬን በአንድ ጣት ደገፍ የሚል አለ። ኮቱን ለሸኚው አስይዞ፣ ተመዝኖ ሲያበቃ መልሶ የሚያጠልቅ አለ፤ የኮቱን ኪስ ሳስፈትሽ የሚስማር መደብር ሆኖ ይገኛል። በአሥራ ሰባት ዓመት ለማንም አንድ ኪሎ አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩምም። ዓይኔም ራሱ ሚዛን ሆኖ ቀረ። ዛሬም መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ቁጥሩ ይመጣብኛል፤ ብስት በአንድ ኪሎ ነው።

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የባሌም ነገር የገባኝ በዓይኔ ነው። አንድ ቀን ሸሚዙን ሲቀይር ጀርባውን አየሁና «ስድሳ ሦስት» አልኩ በልቤ። ከወር በኋላ ስድሳ። ስነግረው «ዓይንሽ አርጅቷል፣ ሴትዮ» ይለኛል። «እንግዲያው ሚዛኑ ላይ ውጣ» ስለው፣ «ሞላው ላልቷል፣ አይሠራም» ይላል። መካኒኩ እሱ ነው፤ ላልቷል ካለ ላልቷል። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ባሌ የድርጅቱ መካኒክ ነበር። «ቡሎን» ነው የሚሉት፤ አንዴ ካጠበቀ የሚያላላው ስለሌለ። ያልተጻፈ ብልሽት አይጠገንም ባይ ነው። በትልቅ መዝገብ ላይ አራት ዓምድ አስምሮ ቀኑን፣ ብልሽቱን፣ የተወሰደውን እርምጃና ፊርማውን ያሰፍራል፤ የእርምጃው ዓምድ ባዶ ከሆነ አውሮፕላኑ አይነሳም፣ አለቀ። አንዴ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከነአጃቢው ተሳፍሮ እየጠበቀ፣ ባሌ ከታላቅየው የዘይት ቱቦ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘና «አይበርም» ብሎ ጻፈ። የድርጅቱ ባለቤት እንባ እስኪተናነቀው ለመነው። «የጻፍኩትን አልሰርዝም። ከቸኮልክ ገብተህ አብርረው» አለው። ባለሥልጣኑ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሚዛኔ አጠገብ ቆሞ እግሩን ሲያቀያይር ዋለ። ይህን ሰው አገባዋለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው።

«ታዲያ በምን ተዘጋ?» አለች የካፒቴኑ ልጅ።

«በመንገድ ነዋ!» አልኳት። አስፋልቱ መጣ። ሁለት ቀን የነበረው ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ሰውም ሳይመዘን፣ ፍየሉን ይዞ፣ በፈለገው ጠዋት መሄድ ቻለ። ማን ይፈርድበታል? ባለቤቱ ግራ ገባው፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ የታላቅየውን ጭራ ለሳሙና ማስታወቂያ ሰጠ፣ ሙሽሮችን በከተማው ላይ ማዞር ጀመረ። አልሆነም። በመጨረሻው ቀን የመጣው መንገደኛ ሦስት ብቻ ነበር፤ ካፒቴኑ «የቀረውን ወንበር እናንተ ሙሉት» አለንና ሠራተኞቹን መዘንኩ። ባሌ ሰባ አንድ ኪሎ። ስንመለስ የአውሮፕላን ማደሪያውን በር ቆልፎ፣ «እኔ በዚያ አስፋልት ላይ በመኪና ከሄድኩ ሰው አይደለሁም» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ! አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ከተማ አልወጣም። የልጃችንን ምረቃ እንኳ ያየው በስልክ ነው፤ ከረባት አስሮ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ።

ባሌ ይህን ሁሉ ሳወራ ጥግ ይዞ ሻይ ይጠጣ ነበር። ከረባቱን ስጠቅስ ብቻ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ኳ አደረገው።

«ሚዛኑስ የት ደረሰ?» አለች ልጅቷ።

«ዕቃ ቤት አለ። ሲዘጋ ማንም አልፈለገውም፣ እኔ አመጣሁት።»

«ጋሼ ቡሎን ላዩ ላይ ቢቆሙና አንድ ፎቶ ባነሳ?»

እምቢ ይላል ስል፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። «ይቺም ሴትዮ ታርፋለች።»

«ሞላው ላልቷል አላልክም?»

«አጥብቄዋለሁ። የሥራ ካፖርቴን ለብሼ ልምጣ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ቆየ።

እኔና ልጅቷ ሚዛኑን በጎማው እየገፋን ወደ በረንዳው አወጣነው። የተሸፈነበት ሸራ አቧራ አልነበረበትም። አየሁት፤ ግን አላሰብኩበትም። ባሌ እስከ ጉልበቱ የሚደርሰውን ወፍራም ሰማያዊ ካፖርቱን ለብሶ፣ ረጋ ብሎ እየተራመደ መጣና ወጣ። መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሰባ አንድ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ለአንድ አፍታ እልል ልል ነበር። ደረቴ ላይ ለወራት ተቀምጦ የነበረ ነገር ብድግ አለልኝ። ልጅቷ ፎቶዋን አነሳች። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ «ሚዛን አያረጅም፤ የሚያረጀው ዓይን ነው» አለ። ሳቅሁ። የሚጠጣ ነገር ላመጣ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ጀበናም ሳልነካ፣ ብርጭቆም ሳላነሳ እዚያው መዞር ጀመርኩ።

አንደኛ፣ ሰባ አንድ። ሰው ድንጋይ ነው እንዴ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ፍንክች የማይል? ሁለተኛ፣ ካፖርቱ። የሰው ኪስ እኩል ሆኖ አያውቅም፤ በአንዱ ቁልፍ ካለ በሌላው መሐረብ ነው፣ ስለዚህ ኮት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። አሥራ ሰባት ዓመት ኮት ስመለከት ኖሬ ይህን አላጣውም። የባሌ ካፖርት ግን በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ ነበር የወረደው። እንዲህ አመጣጥኖ የሚጭን ሰው አውሮፕላን ሲያስጭን የኖረ ብቻ ነው።

ልጅቷ በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ስለምትመለስ ዕቃዋን ልታሰናዳ ወደ ማረፊያዋ ሄደች። በሩን እንደዘጋሁ ዞርኩ።

«ካፖርቱን አውልቅ።»

«በርዶኛል።»

«አውልቅ አልኩህ!»

አወለቀ። ከቀኝ ኪሱ ሁለት ትልልቅ መፍቻና የመዶሻ ራስ ወጣ። ከግራው ፒንሳና በጨርቅ የታሰረ ቡሎን፤ ከቀኙ እንዳይበልጥ እንዳያንስ ተቆጥሮ የታሰረ። ከወገቡ ላይ ሰንሰለት ፈታ። ሁሉንም ካፖርቱን ጨምሬ ሚዛኑ ላይ ጫንኩት። አሥራ አራት ኪሎ።

«አገር ምድሩ ለመቅለል ሲያጭበረብረኝ ኖረ» አልኩት። «ለመክበድ ያጭበረበርከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ መርፌውን ደግሜ አየሁት። አሥራ አራት ልክ እንደጎደለው ማን ነገረው? ሲመዘን የነበረ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ማን ያውቃል? አቧራ የሌለበት ሸራ ትዝ አለኝ።

ዕቃ ቤት ሮጥኩ። ሚዛኑ ተጠግቶበት በነበረው ግድግዳ ላይ፣ በእርሳስ፣ በማስመሪያ የተሰመረ አራት ዓምድ አለ። በመጀመሪያው ዓምድ ቀኑ አለ፤ ሁሉም እሑድ፣ እኔ ገበያ የምወጣበት። በሁለተኛው ስድሳ ስምንት፣ ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ ሦስት፣ ስድሳ፣ ሃምሳ ሰባት። በአራተኛው አምስት ጊዜ ፊርማው። ሦስተኛው፣ የተወሰደ እርምጃ የሚለው፣ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኔው ጉድ ግን ደብቆ መዝግቦታል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ እኔ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ እሱ ብቻውን እዚህ ጨለማ ውስጥ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ቁጥሩን አይቶ፣ ፈርሞ፣ ሸራውን መልሶ አልብሶ ሻይ ጥዶ ሲጠብቀኝ ታየኝ። ፈርቶ ነበር፤ እኔ እንዳልፈራ ብሎ ብቻውን ፈርቶ ነበር። አለቀስኩ።

በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«አየሽው?»

«አየሁት። ይህን የጻፈው መካኒክ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አምስት ጊዜ የተጻፈ ብልሽት፤ እርምጃ የለውም። ይበራል?»

ዓይኑን ወደ ባዶው ዓምድ ወሰደ።

«ይበራል ወይ አልኩህ!»

«አይበርም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ምያለሁ እኮ» አለ። «በዚያ መንገድ አልሄድም ብዬ ምያለሁ።»

«የማልከው ለታላቅየው ብለህ ነው። ታላቅየው በምን ሄደ? ክንፉን ፈትተው፣ ጭነት መኪና ላይ አጋድመው፣ በዚያው አስፋልት ነው የወሰዱት። አንተ ግድግዳ ይዘህ ዞረህ ስለቆምክ አላየህም፤ እኔ ግን ከተማው መጨረሻ ድረስ ተከትዬ ሸኝቼዋለሁ። ታላቅየው ያልናቀውን መንገድ የምትንቅ አንተ ማነህ?»

ከበረንዳው ያመጣቸውን መፍቻዎች አንድ በአንድ በየቦታቸው ሰቀለና ወጣ። እኔም አልተከተልኩትም። ምላሴ ረዥም ነው፤ ከዚያ በላይ ብናገር የማልመልሰው ነገር እንደምናገር አውቀዋለሁ።

ሲነጋ አልጋው ላይ አልነበረም። እግሬ መሳቢያው ጋ ወሰደኝ፤ ወረቀቷ የለችም። ቀደዳት ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ፣ ከሃምሳ ሰባት ፊት ለፊት፣ ባዶ በነበረው ዓምድ ውስጥ፣ በዚያው ቀጥ ባለ የመካኒክ ጽሕፈት፣ «ወደ ዋናው ጥገና ተላከ። በመኪና።» ይላል። ፊርማም አለው።

በረንዳው ላይ ከረባት አስሮ፣ ወረቀቷን በደረት ኪሱ ይዞ፣ ሻንጣ እግሩ ሥር አስቀምጦ ቆሟል።

«ምን ታያለሽ? አውቶቡሱ ያመልጠናል» አለ።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ የካፒቴኑ ልጅ አየችን፤ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ያዘችልን። ባሌ ግን ወዲያው አልገባም። አውቶቡሱን ዞረው። ጎማውን በጫማው መታ፣ ጎንበስ ብሎ ቡሎን ቆጠረ።

«ሹፌር፣ የኋላው አራተኛ ላልቷል።»

«አባባ፣ ይግቡ፣ እንሂድበት።»

«ሳይጠብቅ አይነሳም» አለ ባሌ። ሹፌሩ እያጉረመረመ ወረደ፤ በእጁ ነካው፤ ቀና ብሎ ባሌን አየውና መፍቻ አመጣ። ረዳቱ ደግሞ ሻንጣችንን ሳይመዝን ጣሪያው ላይ ወረወረው። እጄን በላኝ፤ ተውኩት።

ከከተማው ስንወጣ የድሮው ማኮብኮቢያ በቀኝ በኩል ታየ። ጀማሪዎች መኪና መንዳት ይለማመዱበታል። ባሌ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተው። «ከዚህ ሲታይ አጭር ነው» አለ። ከዚያ አምስት ሰዓት ያህል ዓይኑን ከአስፋልቱ አላነሳም። እኔ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ልንደርስ ስንል ጎንበስ ብሎ፣ የካፒቴኑ ልጅ እንዳትሰማው ይመስል፣ «መንገዱ እንኳ ጥሩ ተሠርቷል» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ገባን። ረዥም ኮሪደር፣ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ በየወንበሩ ሰው። እሱ ተቀመጠ፤ እኔ ከጫፍ ጫፍ እመላለሳለሁ። ቁጥሮቹ ይመጡብኛል፤ ሰባ ስምንት፣ ሃምሳ ሁለት፣ ዘጠና አንድ፣ አንዲት ሕፃን አሥራ አንድ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሚዛን አለ። የሚዛኑ ፊት ወደ ሕዝቡ ነው የዞረው! ማነው እንዲህ ያቆመው ብዬ ደሜ ፈላ።

ስሙ ተጠራ። ጫማውን አወለቀ። እኔ በልቤ «ሃምሳ ስድስት» አልኩ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሁለቱን የሱሪውን ኪሶች ገልብጦ ወደ ውጭ አወጣቸው። ነጭ ጨርቃቸው ተንጠለጠለ። ወደ እኔ ዞር ብሎ አሳየኝና ሚዛኑ ላይ ወጣ።

ነርሷ ወጣት ናት፤ የምትጽፈው ጓደኛዋ ደግሞ ወዲያ ማዶ ጠረጴዛ ላይ። «ሃምሳ ስድስት!» ብላ ጮኸች። ኮሪደሩ በሙሉ ቀና አለ።

ዓይኔ አላረጀም። ምነው ባረጀ ኖሮ።

«ልጄ!» አልኩ፣ ወደ እሷ እየሄድኩ። «የመንገደኛ ክብደት እንዲህ ጮክ ተብሎ አይነገርም!»

«ምን አሉኝ፣ እማማ?»

ባሌ ሚዛኑ ላይ እንደቆመ፣ እጁን ከጎኑ አውርዶ፣ ኪሱ እንደተገለበጠ ነበር።

«ተያት» አላት ነርሷን። «ልክ ነው፣ ልጄ። ሃምሳ ስድስት ነው። ጻፊው።»

ማዶ ያለችው ጻፈች። ባሌ ወርዶ ጫማውን በእጁ ይዞ አጠገቤ መጣ፤ በሌላው እጁ ክንዴን ያዘና ወደ አግዳሚው ወንበር ወሰደኝ። ቁጭ አልኩ።